ማር፣ ፍልሰታና የልጄ መንጋጋ

የስፌት መኪናዬ ትንሽ መሳቢያ አለው። የተሠራው ለክርና ለመርፌ ነው። እኔ ግን ለዓመታት ከረሜላ ነው ያስቀመጥኩበት። ጨርቅ ስቀድ አንድ፣ ክር ስቀይር አንድ፣ ደንበኛ መጥቶ ሲሄድ አንድ። ቀኑን ሙሉ ጉንጬ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በጾም ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ይብስብኛል። ከረሜላ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾሜን የምገድፈው ስኳር በበዛበት ሻይ ነው፤ ከዚያ ሀላዋ፣ ከዚያ እንደገና ሻይ። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው አላውቅም። የሚነገር ነገር አልመሰለኝም።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። የመሳቢያውን ድምፅ ታውቀዋለች። ከደብተሯ ቀና ሳትል እጇን ትዘረጋለች። እሰጣት ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ የታች መንጋጋዬ አላስቀምጥ፣ አላስተኛ አለኝ። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ጉና ግርጌ ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ልጄን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ በዝናብ ይዣት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። እጁ ቀላል ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። መንጋጋዬን ነቅሎ ጥጥ አስነከሰኝና ወደ ልጄ ዞረ።

«አንቺስ? ነይ ቁጭ በይ። ይሄ ወንበር ከፍ ዝቅ ይላል።»

ወንበሩ ደስ ስላላት ሮጣ ወጣች። አፏን ከፈተች። በትንሿ መስታወት አየና ሳቁን ተወው።

«እትዬ፣ ይቺኛዋ መንጋጋ ወልቃ የምትተካ መስሎዎት ነው?»

አፌ በጥጥ ተሞልቷል። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

«አይደለችም። ይቺ የዕድሜ ልኳ ናት። ከወለቀች ሌላ አይበቅልላትም።» ባትሪውን ጠጋ አድርጎ አሳየኝ። ከመንጋጋው መካከል የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። «ከላይ ትንሽ ትመስላለች፤ ውስጥ ውስጡን ግን ቦርቡሯታል። ነርቩ ጋ አልደረሰም። ከደረሰ እንደዚህ ነው።» በጣቱ ሳህኑን አመለከተ። ሳህኑ ላይ ያለው የኔ ጥርስ ነው።

የጥርስ መሙያው አልቆበታል። ከባሕር ዳር እስኪመጣለት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ሲመጣ ሊደውልልኝ ስልኬን መዘገበ። እስከዚያ ምን እንደማደርግ ነገረኝ። ጠዋትና ማታ ትቦርሽ፤ ከሁሉ በላይ ማታ፣ ከመተኛቷ በፊት። ጣፋጭ ካማራት ከምግቧ ጋር አንድ ጊዜ ትብላና አፏን በውሃ ትጉመጥመጥ።

«ጥርስን የሚጨርሰው የጣፋጩ ብዛት ብቻ አይደለም» አለ። «በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መላሱ ነው። አፍ ማረፊያ አያገኝም።»

የሚያወራው ስለ ልጄ ነበር። እኔ ግን እጄ ወደ ጉንጬ ሄደ።

በባጃጅ ስንመለስ ሳምንቶቹን በጣቴ ቆጠርኩ። ጣቴ ፍልሰታ ላይ ቆመ።

ፍልሰታ በኛ ሰፈር የልጆች ጾም ነው። ትልቁም ትንሹም ነጠላውን ለብሶ በቀትር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ልጆቹ ሳይበሉ ሳይጠጡ አስቀድሰው ይቆርባሉ፤ ነገም ይደግማሉ፤ እስከ አሥራ ስድስተኛው ቀን። አምና ልጄ አሥራ አንድ ቀን ቆርባ ጉንፋን አስቀራት። አለቀሰች። ዘንድሮ ከሁለት የጎረቤት ልጆች ጋር ቃል ተገባብተዋል፤ አንድም ቀን ላያጎድሉ።

የቆረበ ሰው ምራቁን አይተፋም። ከአፉ ደም እንዳይወጣ ይጠነቀቃል። ከቁርባን በፊት ደግሞ ውሃ በጉሮሮ እንዳያልፍ ጠዋት አፍ አይነካም። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው፤ እኔም ልጄን እንዲሁ። በእሑድ ብቻ ሲሆን አንድ ቀን ነው፤ ያልፋል። ዛሬ የቆረበች ልጅ ነገም፣ ከነገ ወዲያም የምትቆርብ ከሆነ ግን መቼ ነው ጥርሷን ቦርሻ የምትተፋው? ባጃጁ ቤታችን ደጅ እስኪያደርሰን አሰብኩ። ጊዜ አጣሁላት።

አባን መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩ። ስለ ቁርባን ሲነገር ስለ ጥርስ ሳሙና ማንሳት ድፍረት መሰለኝ። ብሩሿን አጥቤ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ሰቀልኩት። ፍልሰታ ሲያልፍ ትቀጥላለች አልኩ።

ከረሜላውን ግን ከለከልኳት። ደስ አላላትም።

«አንቺስ?» አለችኝ።

«እኔ ጥርሴን አስነቅያለሁ» አልኳት። እሷም መሳቢያውን አየችው።

ጾም ውላ የምትገባ ልጅ አንድ ነገር ትጠብቃለች። ባዶ እጄን መቀበል አልሆነልኝም። ቤት ውስጥ ባለቤቴ ያመጣው ማር ነበር፤ የዚያ አገር ነጭ ማር፣ ገና ከሰፈፉ ያልተለየ። አሰብኩ። ከረሜላ የፋብሪካ ነው። ማር ግን የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ መድኃኒት ነው። ቁስል ላይ ሲቀባ አይቻለሁ። ሳል ሲይዛት አጠጥቻታለሁ። ጥርሷንም የሚጠግንላት መሰለኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገብስ በሶ በማር እየለወስኩ ጭብጦ አደረግኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ስትገባ ሳህኑ ይጠብቃታል። እየተጣበቀባት፣ እየላሰች፣ ቀስ ብላ ትበላለች።

«በዚያኛው በኩል አኝኪ» እላት ነበር። «በታመመው በኩል። መድኃኒቱ እንዲደርሰው።»

ታዛዥ ናት። በዚያኛው በኩል አኘከች። ማታ እንዲሁ ተኛች። በማግስቱም እንዲሁ።

በስድስተኛው ቀን ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥታ ብርጭቆውን አስቀመጠች። እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«አፍሽን ክፈቺ።»

የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ። ነጥቧ ሰፍታ ይሁን፣ በሶ ገብቶባት ይሁን መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ማታ ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። ለሰንበት ተማሪዎች የታዘዘ ቀሚስ በእጄ ነበር፤ አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት፤ መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት። መርገጫውን ሁለት ጊዜ ረግጬ እነሣለሁ። «አፍሽን ክፈቺ» እላታለሁ። ውሃ ስትቀዳ፣ ጫማዋን ስታስር፣ ስትጸልይ። በመጨረሻ «እማዬ፣ አሁን እኮ አይተሻል!» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ።

በሰባተኛው ቀን ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ከግቢው ጥድ ሥር አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምን።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አልኩ። ከዚያ ነጠላዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

ልጄ ከነጠላዋ ሥር ሆና «ጥርሴን አትታጠቢም ብላኝ ነው» አለች።

«ማን ናት ያለችሽ?»

«እማዬ። ሰባት ቀኔ ነው። አፌ ይሸተኛል።»

አባ ወደኔ ዞሩ። መሬት መሬቱን አየሁ።

«እየቆረበች መትፋቱ ከብዶኝ ነው፣ አባ። መንጋጋዋ ተቦርቡሯል። ሐኪሙ ይቦረሽ ብሏል።»

«ምራቅ አይተፋም ብለን አስተማርን። አፍ ይቆሽሽ ብለን አስተማርን እንዴ?» አሉ። «ስትበላ ውሃ ትጉመጥመጥና ትዋጠው። ምን ይሆናል ውሃ ብትውጥ? ማታ በንጹሕ ጨርቅ ጥርሷን እሽት እሽት አድርጊላት፤ ጨርቁን እሳት ውስጥ ጨምሪው። አለቀ። ምንድን ነው የምትበላው?»

«በሶ።»

«ጥሩ ነው።»

«በማር» አለች ልጄ። «በታመመው በኩል ነው የማኝከው። መድኃኒቱ እንዲደርሰው።»

አባ ጥርሳቸው ጥቂት ነው። ሲስቁ በእጃቸው ይሸፍኑታል። ያን ቀን ግን እጃቸውን አንሥተው አሳዩን።

«የኔን አፍ እዩት እስቲ። ይህን ሁሉ ያራገፈው ቁርባን መሰለሽ? በተማሪነቴ ማር ያገኘሁ ቀን ቅኔው ከራሴ ይጠፋ ነበር። ኋላ ደግሞ በየሄድኩበት ሻይ፤ ስኳሩን አራት ማንኪያ ነበር የማስጨምረው።»

«አሁንስ?» አለች ልጄ።

«አሁን ሦስት።»

ልጄ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ልትከተው ደረሰች። እኔም ሳቅኩ። አባ ግን ሳቃቸውን ቶሎ ጨረሱ።

«አንቺ ሆይ፣ ጾሙን ለልጅቷ ብቻ አታሸክሚያት። በደጅሽ ባለፍኩ ቁጥር አንዱ ጉንጭሽ አብጦ ነው የማገኝሽ።»

መስቀሉን ደግሜ ተሳለምኩ።

ያን ቀን ከእራት በኋላ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሜ ስእለት ተሳልኩ። የልጄ መንጋጋ እስኪሞላ ስኳር፣ ማር፣ ከረሜላ አልቀምስም አልኩ። ከዚያ መሳቢያውን ገለበጥኩት። ለማን እንደምሰጠው አሰብኩ። ለልጅ ብሰጠው የሌላ ሰው ልጅ ጥርስ ነው። ከነወረቀቱ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመርኩት።

ስእለቱ አጭር ነበር፤ ቀኑ ግን ረዘመብኝ። እጄ ያለ እኔ ፈቃድ ወደ መሳቢያው ይሄዳል፤ ክር ይዞ ይመለሳል። ሻዩ ያለ ስኳር ሲቀርብ ትኩስ ውሃ መስሎ ይታየኛል። ራሴን አመመኝ። ለደንበኛ የማልመልሰውን መለስኩ። አንዲት ሴት የቀሚሷን ልክ ደግማ ስትጠይቀኝ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት፤ ኋላ ይቅርታ ጠየቅኳት። ልጄ ሁሉንም ታያለች። ከበርጩማዋ ሆና «እጅሽ ሄደች» ትለኛለች። እመልሳታለሁ።

ማሩን ተውን። በሶውን በውሃና በጨው ለወስኩላት፤ ፊቷን አጨማደደች፤ በላችው። ከበላች በኋላ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ከፊቷ እቆማለሁ። ትጉመጠመጣለች፤ ትውጣለች። ማታ ነጭ ጨርቅ በጣቴ ጠቅልዬ ጥርሷን አንድ በአንድ አሻለሁ፤ የኋለኛዋን መንጋጋ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነው። ጨርቁን ምድጃው ውስጥ እጨምረዋለሁ። ሕመሙ አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ሲጠፋ የባሰ እፈራ ነበር። ነርቭ ሲሞት ሕመም ይተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የምጠይቀውም አላጣሁም፤ ስልኩን አንሥቼ እመልሰዋለሁ እንጂ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ማታ ስልኩ ራሱ ጮኸ። ሐኪሙ ነው።

«እትዬ፣ መሙያው መጥቷል። ነገ ጠዋት ይዘዋት ይምጡ። ከነገ ወዲያ ለሥልጠና እሄዳለሁ፤ አንድ ወር እቆያለሁ።»

«ነገ?»

«ነገ። ወር ከቆየች ኃላፊነቱን አልወስድልዎትም።»

ልጄ ከጎኔ ነበረች። ሰምታለች።

ነገ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ጥርስ ሲታከም ውሃ ይገባል፤ ደም ሊወጣ ይችላል። የታከመች ቀን አትቆርብም። አባን ሄጄ ልጠይቅ ነጠላዬን አነሣሁ። ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት። የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ያን ያህሉን በራሴ መወሰን ነበረብኝ።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኳት።

«አልሄድም።»

«ጥርስሽ ናት።»

«አሥራ አራት ቆርቤያለሁ! ሁለት ነው የቀረኝ! እነሱ ሊጨርሱ ነው!»

«ሌላ ፍልሰታ ይመጣል። ሌላ መንጋጋ ግን አይመጣም።»

«አንቺ ነሽ ማሩን የሰጠሽኝ!» አለች። ጮኻ አይደለም። ቀስ ብላ። «በዚያኛው በኩል አኝኪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ነገር ብላኝ አታውቅም። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ጠዋት በዝናብ ወጣን። ባጃጁ ውስጥ ከኔ ርቃ ተቀመጠች። ወንበሩ ከፍ ዝቅ ሲል አልሳቀችም። ሐኪሙ ድዷን በማደንዘዣ ሲወጋት እጄን ያዘች፤ ከዚያ ትዝ ብሏት ለቀቀችው። መሣሪያው መጮኽ ጀመረ። እኔ ቆሜያለሁ። ቁጭ ይበሉ አለኝ፤ ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ። ከመዝሙረ ዳዊት በቃሌ የማውቀውን ጀመርኩ፤ ከመካከሉ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ። ሐኪሙ ቆም ብሎ በቀጭን መርፌ ነገር ነካ ነካ አደረገ።

«አልደረሰም» አለ።

«ምን?»

«ነርቩ ጋ አልደረሰም። ሊደርስ ስስ ሽፋን ነው የቀረው፤ ግን አልደረሰም። ትድናለች። ማታ ማታ ምን ታደርጉ ነበር?»

ስለ ጨርቁና ስለሚዋጠው ውሃ ነገርኩት። ስለ ማሩም ነገርኩት፤ መደበቅ አልፈለግኩም። ስለ ማሩ ቅንድቡን አነሣ። ስለ ውሃው «ይህቺ ጥሩ ናት፤ ለሌሎችም እናገራታለሁ» አለ። እግዚአብሔር ያክብረው። ሞላላት። ሲጨርስ ከድዷ ትንሽ ደም ጥጡ ላይ ነበር።

ወረፋው ቀኑን ስለበላው ስንመለስ ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ባጃጁን አስቆመችው። ወርደን ከቅጥሩ በር ቆምን። የቆረቡት ልጆች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይወጣሉ። ሁለቱ የጎረቤት ልጆች አዩዋት፤ መናገር ስላልፈለጉ በዓይናቸው ጠየቋት። ልጄ መሬቱን አየች። ከዚያ አባ ወጡ።

«ዛሬ የት ጠፋሽ?»

አፏን ከፈተችላቸው። ጉንጯ ደንዝዞ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። አባ ጎንበስ ብለው አዩ። ጥቁር የነበረው ነጭ ሆኗል።

«እሰይ» አሉ። «ይቺን የሚሞላ ሰው የኔን አፍ ቢያይ ወር ሙሉ ሥራ አይፈታም።»

ልጄ ከማታ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ በግማሽ አፏ።

«ነገስ ልቁረብ?»

«ደሙ ከቆመ ምን ይከለክልሻል? በጠዋት ነይ።»

በማግስቱ በዓሉ ነበር። ገና ሳይነጋ ሄድን፤ ቆረበች። አሥራ አምስት ቀን ሆነላት። አሥራ ስድስት አይደለም፤ እስከ ዛሬም ስትቆጥር «አንድ ጎደለኝ» ትላለች። እውነቷን ነው። እኔ ነኝ ያጎደልኩባት።

ቤት ገብተን ጾም ፈታን። ባለቤቴ ለበዓሉ መጥቶ ነበር፤ ዶሮው ተበላ። ከምሳው ጋር፣ ከምሳው በኋላ ሳይሆን፣ በሶ በማር ለውሼ አንድ አንድ ጭብጦ አቀረብኩ። ስእለቴ ደርሷል። ማሩ ምላሴን ሲነካው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሁለተኛ አልጨመርኩም። ልጄ በጤነኛው በኩል አኘከች።

ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ተጉመጠመጥን። ጉንጯ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ፈጦ አየችኝ። የኔም ጉንጭ እንደዚያ ነበር መሰለኝ፤ ሳቅ መጣባት። ዛሬ ቆርባለች፤ ውሃው ከአፏ መውጣት የለበትም። ነጠላዋን አፈፍ አድርጋ አፏን ያዘች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ፊቷ ቀላ። እኔ አፌ ሞልቶ «ዋጪው» ማለት አልቻልኩም። እጄን አንሥቼ ብቻ ጠበቅኩ።

ዋጠችው። ተመስገን።